ከጡረታ እስከ ሕመም

እኔ ተሾመች እባላለሁ። ፒያሳ ተወልጄ፣ ፒያሳ አድጌ፣ ፒያሳ ያረጀሁ... ቆይ፣ «ያረጀሁ» የሚለውን ተዉት፤ ገና ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ለሠላሳ አራት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስንት ዓይነት አለቃ እንዳየሁ አትጠይቁኝ! የሚጮህም ነበር፣ የሚያንቀላፋም ነበር፣ ደብዳቤ አስጽፎ መፈረም የሚረሳም ነበር። ሁሉንም በየተራ ሸኝቼ፣ ባለፈው ዓመት እኔም ተሸኘሁ።

የሰፈር ሰው የሚያውቀኝ ግን በሌላ ነው። የእድራችን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለቅሶ ላይ ነው፤ ማን ወረቀትና እስክሪብቶ ይይዛል? ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። ጥግ ይዤ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መቃብር ላይም ቆሜ አነባለሁ። ድምፄ ማይክ አይፈልግም። ደግሞ ሳነብ አላለቅስም። ስንቱ ጎበዝ ነኝ ባይ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲንሰቀሰቅ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የባሌን የመድኃኔን ታሪክ እንኳ ከላይ እስከ ታች ሳልደናቀፍ ነው ያነበብኩት። ያለቀስኩት ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ ነው።

አጻጻፉን ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብሎ ይጀምርና «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» እያለ ይቀጥላል። አንዴ ሰፈሩን ሁሉ ሲሰድብ የኖረ ሰውዬ ሞተና «አንደበተ ርቱዕ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩለት። ምን ላድርግ? ውሸት አይደለም፣ ስድቡ ጥርት ያለ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬት እያየ ሳቁን ዋጠ።

አሁን ደግሞ ስለ ጋሽ ወልዴ ልንገራችሁ፤ እሳቸውን ካላወቃችሁ የተከተለው ነገር አይገባችሁም። ጋሽ ወልደገብርኤል ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በእሳቸው እጅ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጅም የላቸውም። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ ክፍል ቤትና አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። ቮልሷ ከእኔ ጡረታ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረባት፤ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ያጥቧታል።

ጥር ላይ ነው፣ ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ብርጭቆ ዕቃ ቤት ውስጥ አብረን እያደራረቅን ሳለ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ወይዘሮ ተሾመች፣ እኔ ማታ ዜና ሳይ ብቻዬን ነው የምናደደው። የሚከራከረኝ ሰው የለኝም። እርስዎ ከፈቀዱ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ቀሪ ዘመኔን ከእርስዎ ጋር እየተከራከርኩ ብኖር ደስ ይለኛል» አሉኝ።

ብርጭቆው ከእጄ አልወደቀም፤ ፊልም ላይ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ማሰቡማ ምን ያደርጋል! ልቤ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ «እሺ» ብሏል። የፈራሁት ልጄን ነው።

ፅናት አንድ ልጄ ናት። አያት ኮንዶሚኒየም ከባሏና ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ሥራዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የወለድኳት እኔ ብሆንም የምታሳድገኝ እሷ ናት። «እማዬ ጨው ቀንሺ፣ እማዬ ያንን ጫማ ጣይ፣ እማዬ በመሸ አትውጪ» ስትል ነው የምትውለው። ባለፈው ዓመት አንዲት የድሮ ባልደረባዬ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ አገባችና ፎቶዋን ለፅናት አሳየኋት። «ኧረ በስመአብ! በዚህ ዕድሜ? ሰው ምን ይላል? እማዬ፣ አንቺ እንዲህ ብታደርጊ እኔ ፒያሳ ድርሽ አልልም!» ብላ ምሳዋን ቀጠለች። ከልቧ ትበለው ከአፏ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ትዳር አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም።

ስለዚህ ጋሽ ወልዴን ማየት ስሸሽ፣ ዕቃ ቤት በሌሉበት ሰዓት ስሄድ፣ ሦስት ወር አለፈ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ካገኙኝ ኮፍያቸውን አንስተው «ደህና ዋሉ?» ይሉኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ከሪማ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከሪማ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ትሸጣለች። ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለኝም፤ ብደብቅም ግድግዳው ስስ ነው። ሚያዝያ ላይ ከአንድ ቀብር ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎሸም አደረገችኝ።

«ተሹ፣ የሁሉን ሰው አንቺ ትጽፊያለሽ። ያንቺን ማን ይጽፍልሻል?»

«ፅናት ትጽፈዋለቻ።»

«ፅናት? "እናቴ ጨው ታበዛ ነበር" ብላ ነው የምትጨርሰው!»

ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና የራሴን ጀመርኩ።

ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተቀጠሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ባላቸውን በሞት ተነጠቁ። «በ2016 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ» ብዬ አራት ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ እጄ በልማድ ራሱን ችሎ ቀጠለና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ ጻፈ። ክው አልኩ።

እንዴ! ምን ሕመም አለብኝ? ደም ግፊቴ ከልጄ ይሻላል። ተነሳሁና መሳቢያ ውስጥ የከተትኳቸውን የቀድሞ ታሪኮች አውጥቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድም ሳይቀር ከ«ጡረታ» ቀጥሎ የሚመጣው «ሕመም» ነው። ከመካከላቸው ጡረታ ወጥቶ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አለ እኮ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሲስቅ፣ ሲጣላ፣ ዳማ ሲጫወት ኖሮ የት ገባ? ቤተሰቡ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው ጡረታ ሲወጣ ታሪኩ ያለቀ ይመስለን ነበር ማለት ነው።

የሕመሙን መስመር ሰረዝኩት። አያቴ ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ እኔም ከእሷ አላንስም ብዬ ወሰንኩ። ስቀንሰው ሃያ ሰባት ዓመት ይቀረኛል። ሃያ ሰባት ዓመት ማለት እኮ ሰው ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ አግብቶ ከሚስቱ ጋር መኳረፍ የሚጀምርበት ጊዜ ነው!

ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላትን ተሾመችን ፈለግኳት። መጣችልኝ። ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ጉልበቷ ላይ ሻል ጣል አድርጋለች። አንድን ታሪክ ሦስቴ ትደግመዋለች፤ ደግነቱ በሦስተኛው የበለጠ ይጣፍጣል። ድምጿ እንደሆነ ምንም አልሆነም፤ ግቢው ማዶ ያለውን ሰው ትሳደባለች። ደስ አለችኝ። እንደዚህ ዓይነት አሮጊት መሆን አልጠላም።

«እማማ፣ የሚቆጭዎት ነገር አለ?» አልኳት በሐሳቤ።

ገላመጠችኝ። «አለ እንጂ! የስልሳ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ...» ብላ ጀመረች።

ልጅ! የስልሳ አንድ ዓመት ልጅ! «ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ። ደረጃ እሮጥበት ነበር። ጥርሴ የራሴ ነበር። የሚፈልገኝ ሰው ነበር። ምን ሆኜ ነው የፈራሁት?» አለችኝ። ያቺ ሴትዮ እንዲያ አፍጥጣ እያየችኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። እስክሪብቶዬን አንስቼ ሁለት ገጽ ሙሉ ሳላቋርጥ ጻፍኩ። ማንም አያየው ብዬ የልቤን ሁሉ ጻፍኩ። ስጨርስ በጣም ስለወደድኩት በኮምፒውተር አስጽፌ ላስቀምጠው አሰብኩ። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ የእድራችን ግማሹ ሰው ከተማው ዳር ዳር ነው የሚኖረው፤ የለፋፊው ጡሩምባ እዚያ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ አሠራር ቀየርን። እኔ ታሪኩን በእጄ ጽፌ ከሟቹ ፎቶ ጋር ሶፊያ ጋ እወስዳለሁ። ሶፊያ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ታሪኩን ከመጻፏ በፊት ስሙንና ፎቶውን በእድሩ ቴሌግራም ላይ ትለቃለች፣ የሩቁ ሰው ጊዜ እንዲያገኝ። ከሌለች ኪቦርዷ ሥር ሸጉጬላት እመጣለሁ። ለስንት ሰው እንደዚህ ስናደርግ ኖረናል።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቴንና አንድ ጉርድ ፎቶዬን ይዤ ሄድኩ። ሶፊያ የለችም፤ ወረፋ የያዙ ደንበኞች ብቻ ናቸው ያሉት። ደውዬ እነግራታለሁ ብዬ እንደ ልማዴ ኪቦርዱ ሥር አደረግኩትና ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ሐሙስ የውሃ ቀናችን ነው፤ ያልታጠበ ብርድ ልብስ አለኝ። ግቢ ስገባ ቧንቧው ይንፎለፎላል። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ ብርድ ልብሱን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ መርገጥ ጀመርኩ። ሶፊያ ትዝም አላለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ መኪና ሲቆም፣ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። «ቀስ! እዚህ ጋ አውርዱት» የሚል የወፈረ ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተና ጋሽ ወልዴ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ገቡ። አንገታቸውን ስለደፉ አላዩኝም። የግቢያችን ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ጋሽ ወልዴ! ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩ።

ቀና አሉ። ቋሚው ከትከሻቸው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። እሳቸውም ተከትለውት መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

«እርስዎ» አሉኝ።

«እኔ ምን?»

«እርስዎ ነዎት የሞቱት።»

አረፋ ውስጥ እንደቆምኩ ደረቅኩ። ከዚያ ሶፊያ፣ ወረቀቱ፣ ፎቶዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣልኝ። «ወይኔ ጉዴ!» አልኩ። ጋሽ ወልዴ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እግራቸውን ሳይ አንዱ ጫማ ቡኒ፣ አንዱ ጥቁር ነው።

«እኔ ሦስት ወር ሙሉ መልስ ስጠብቅ...» አሉ ከመሐረቡ ውስጥ። «እምቢ ማለት እኮ ይቻል ነበር፤ መሞት ምን አመጣው?»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ ሳላውቅ «ይቅርታ፣ ጋሽ ወልዴ» ከማለቴ ግቢው ጮኸ። «ተሹዬ! ምነው ሳትነግሪኝ!» እያሉ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንዷ ተንደርድራ መጥታ እኔን አቅፋ «ወይኔ ተሾመች!» ብላ አለቀሰችና፣ ማንን እንዳቀፈች ስታይ ሳፋው ውስጥ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ከሪማ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጣ መጣች። አየችኝ፣ ጋሽ ወልዴን አየች፣ ድንኳኑን አየች፤ ነቄ ናት፣ ገባት። ግድግዳ ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ቀጥሎ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ዘርዓብሩክ ከራቫታቸውን አስረው ደረሱ።

«ይህ ጉዳይ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም» አሉ በቁጣ።

«እኔስ ደንቡን አይቼ መሰልዎት?» አልኳቸው።

ሁሉም ሲስቅ በሩ እንደገና ተበረገደ። ፅናት ናት። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ ፊቷ ሌላ ሰው መስሏል። ልጄን እንደዚያ አይቻት አላውቅም። እኔን ስታይ ቆመች። ከዚያ ጮኸችና መጥታ ተጠመጠመችብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻዬን በጡጫ ትደበድበኝ ጀመር።

«ስልክሽን ለምን አታነሺም! ለምን አታነሺም!»

«ብርድ ልብስ እያጠብኩ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እኔኮ... እኔኮ...» ብላ ሳትጨርስ ተንሰቀሰቀች። እንደ ሕፃንነቷ አቅፌ ያዝኳት። ልብሷ በአረፋ ራሰ።

በዚህ መሐል ሶፊያ ወረቀቴን ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ወረፋ ከያዙት አንዱ «አንዲት ሴትዮ አስቀምጣው ሄደች» ሲላት፣ ሴትዮዋ ከሪማ መስላት ኖሯል፤ ስሙንና ፎቶውን አይታ፣ ሌላውን ሳታነብ እያለቀሰች ነው የለቀቀችው። «እትዬ ተሾመች፣ ይቅር ይበሉኝ!» ብላ ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። የኔ ጥፋት ነው፤ አለመደወሌ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሁሉም ነገርኩ። የራሴን ታሪክ እኔው መጻፌን፣ ለመቀመጥ እንጂ ለመቀበር እንዳልሆነ ተናገርኩ።

ከሪማ አጨበጨበች። «እንግዲህ ሥራ ፈትተን መጥተናል። ያለ ንባብ ወደ ቤታችን አንሄድም! አንብቢልን!»

«ተገቢ ነው» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ። «ድንኳን ከዕቃ ቤት ከወጣ ያለ ሥነ ሥርዓት አይመለስም።»

ከሪማን በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን ምን እንደጻፍኩ ገብቷታል፤ አውቃ ነው። ሰው ሁሉ ወንበር እያወረደ ተቀመጠ። ፅናት ክንዴን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ጋሽ ወልዴ በስተኋላ፣ ቋሚያቸውን ተደግፈው ይመለከቱኛል። አስቡት እንግዲህ። ሁለተኛውን ገጽ ዘልዬ «አመሰግናለሁ» ብዬ መጨረስ እችል ነበር። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጀመርኩ። «ወይዘሮ ተሾመች ሰው አክባሪ...» ስል ከሪማ ሳል ያዛት። «...አልፎ አልፎ» ብዬ ጨመርኩ። ስለ አለቆቼ ያለው ላይ ሳቁ፣ ስለ መድኃኔ ያለው ላይ ዝም አሉ። ከዚያ «በ2016 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ» አልኩ። ሁሉም ሕመሙን ይጠብቃል። ወረቀቱን ገለበጥኩ።

«የወይዘሮ ተሾመች ሕይወት ከዚህ በኋላ ገና ሃያ ስምንት ዓመት የቀጠለ ሲሆን...» አልኩ። ሕዝቡ ተነቃነቀ። «በ2018 ዓ.ም. አቶ...»

ድምፄ እምቢ አለኝ። ስንት መቃብር ላይ ያልከዳኝ ድምፅ፣ እዚያ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ከዳኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ «አቶ» ብቻ ወጣ። ፅናት ፊቴን አየች፣ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች፣ ለብዙ ጊዜ አየችው። አንገቷን አዙራ ወደ ጋሽ ወልዴ ተመለከተች። እሳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከዚያ ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው።

«በ2018 ዓ.ም.» አለች፤ ድምጿ እንደኔው ማይክ አይፈልግም። «በ2018 ዓ.ም. አቶ ወልደገብርኤልን በሕግ አግብተው በደስታና በክርክር መኖር ጀመሩ።»

አንዷ «እልል!» ብላ ልትጀምር ስትል ሰው ዝም አሰኛት። ፅናት ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ቀጠለች። «በስልሳ አራት ዓመታቸው ባለቤታቸው ቮልስ ላይ አሠልጥነዋቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። በፈተናው ዕለት የፈታኙን እግር ለጥቂት ስተዋል። በሰባ ዓመታቸው ሐረርን አዩ። በሰባ አምስት ዓመታቸው ዋና ተማሩ፤ ግን አልቻሉበትም። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ባለቤታቸው ምርኩዝ ገዝተው ቢሰጧቸው፣ የሰፈር ውሻ ማባረሪያ አደረጉት።»

«ይቅርታ» አሉ ጋሽ ወልዴ ከኋላ። «እኔ በስንት ዓመቴ ነው የምሞተው?»

«እርስዎማ አይሞቱም» አልኳቸው፤ ድምፄ ተመለሰልኝ። «ድንኳኔን ማን ሊተክልልኝ ነው?»

«በዘጠና ሦስት ዓመቴ ቋሚ ልሸከም?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፅናትም ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ዓይኗ የሚቀጥለው መስመር ላይ አረፈና ፈገግታዋ ጠፋ። ምን እንዳየች አወቅኩ። ወረቀቱን ልቀማት እጄን ሰደድኩ፤ ሸሸችኝ።

«ልጃቸው ወይዘሮ ፅናት» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚህ ጋብቻ ተቀይማ ሁለት ዓመት አኩርፋቸዋለች። ወይዘሮ ተሾመች ግን እሁድ እሁድ ልጃቸው የምትወደውን ፓስታ ፎርኖ ሠርተው፣ አያት ድረስ ወስደው በሯ ላይ እያስቀመጡ ይመለሱ ነበር።»

ፅናት ወደ እኔ ዞረች።

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

«በሩን አልከፍትልሽም?»

«አትከፍቺማ። አኩርፈሻል።»

«እማዬ!» አለች። «እኔ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እኮ... ሰው ስለ አንቺ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ስላለው የምናገረው አንድም ነገር አጣሁ። ልጄን ትጠብቅልኛለች፣ ጨው ቀንሺ ስላት ትቀንሳለች። ሌላ ምንም አላውቅም። ሞተሽ፣ ምን ትፈልጊ እንደነበር አላውቅም!»

«ይኸው አወቅሽ» አልኳት። «እወደዋለሁ፣ ፅናትዬ። ፈርቼሽ ነው እንጂ ከጥር ጀምሮ እሺ ብያለሁ።»

ከኋላ ቋሚው እንደገና ወደቀ።

ፅናት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና እጇን ዘረጋች። «እስክሪብቶ!» አቶ ዘርዓብሩክ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ወረቀቱን የከሪማ ጀርባ ላይ አስደግፋ አንድ ነገር ሰረዘች፣ ከላዩ ጻፈች።

«ሁለት ዓመት አልችልም። ሁለት ሳምንት አድርጌዋለሁ» አለች።

«ማኩረፉ አይቀርም?» አልኳት።

«አይቀርም! አስደንግጠሽኛል፣ ከጥር ጀምሮ ደብቀሽኝ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሰማሁት። ሁለት ሳምንት ይገባኛል።»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ፊርማ ይፈልጋል» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ። ፅናት በስርዙ ጎን ፈረመች። ያቺ ያቋረጥናት ሴትዮ እልልታዋን አሁን ለቀቀችው፤ ማንም አላስቆማትም። ጋሽ ወልዴ በሰው መሐል አልፈው መጡና ከፊቴ ቆሙ። እጄን ያዙ፣ ከነአረፋው።

ፅናት ቃሏን ጠብቃ አኮረፈች። አልደወለችም፤ ስደውልም አላነሳችም። እኔም በጻፍኩት መሠረት እሁድ ፓስታ ፎርኖ ሠራሁ። ቮልሷን ገና መንዳት ስለማልችል ጋሽ ወልዴ ነዱ፤ እኔ ትኩስ ትሪውን ጭኔ ላይ ይዤ እስከ አያት ስንከራከር ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ በር ላይ አስቀምጬ ሳላንኳኳ ለመመለስ አስቤ ነበር። ጉልበቴን እያሻሸሁ ደረጃውን ስጨርስ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ፅናት እጇን አጣምራ፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች ደፉ ላይ ቆማለች።

«አኩርፌያለሁ» አለች። «እሳቸውን ግን ታች ለምን ተውሻቸው? ይውጡ እንጂ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»